የዶክተሩ አውራ ጣት

ገርሊንደ ኩልማን ባሏን በየቀኑ አትንቀውም ነበር። በሥራ ቀን ጊዜ አልነበራትም። እሁድ ሲመጣ ግን፣ ኤክሃርት ነጭ የጥጥ ጓንቱን አጥልቆ የቀበቶ ዘለበቶቹን ከመስታወት ሣጥናቸው አንድ በአንድ እያወጣ እንደ አራስ ልጅ ሲያባብላቸው ስታይ፣ የሳምንቱ ንቀት ተጠራቅሞ ጉሮሮዋ ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ ወደ ጓሮ ወጥታ ከጥንቸሎቿ ጋር ትቀመጣለች። ጥንቸሎቹ ቢያንስ ያልነበሩበትን ጦርነት አያወሩም።

ዘለበቶቹ መቶ አርባ ሦስት ናቸው። ሁሉም የድሮ የጀርመን ወታደር የታጠቃቸው ናቸው፤ የፕሩሲያ አሉ፣ የባቫሪያ አሉ፣ የሳክሶኒ አሉ። አብዛኞቹ ናስ ሲሆኑ መሀላቸው ላይ ዘውድ አለ፤ በዘውዱ ዙሪያ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። ስንትና ስንት ጎረምሳ ይህን እምብርቱ ላይ ለጥፎ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ከማዶ የነበሩት ፈረንሳዮችም እግዚአብሔር ከእነሱ ጋር እንደነበረ ነው የሚያወሩት፤ የቱ ወገን እንደዋሸ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

ኤክሃርት ራሱ አንድ ቀን ወታደር ሆኖ አያውቅም። ለሁለተኛው ጦርነት ልጅ ነህ ተባለ፤ አዲሱ ጦር ሲቋቋም ደግሞ በእሱ ዓመት የተወለዱት ሳይጠሩ ታለፉ። ዕድሜውን በከተማው የውሃ ክፍል ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ ጡረታ ወጣ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ያለ ሰው ኤክሃርትን አላየውም፤ እሱ የሚናፍቀው ያንኑ የማያውቀውን ነው። ስለ ምሽግ ሲያወራ ድምፁ ይጎረንናል፣ ደረቱ ይነፋል፣ ከዚያ ገርሊንደን የሱፍ ካልሲውን ይጠይቃታል፤ ወለሉ ይቀዘቅዘዋል።

ዘለበት ሰብሳቢዎቹ ማኅበርም አላቸው። ዐሥራ ሁለት ሰዎች፣ ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ጠዋት፣ ሌላው ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እነሱ «ወርቃማው ዋላ» ቢራ ቤት ጓዳ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ጓዳው ውስጥ አንድ ክብ ጠረጴዛ አለ፤ እዚያ የሚቀመጡት ሰባት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሳይጋበዝ የተቀመጠ ካለ አስተናጋጇ ራሷ ታስነሳዋለች። የቀሩት አምስቱ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ በረጅሙ ጠረጴዛ ተደርድረው የክቡን ጠረጴዛ ወሬ በጆሯቸው ይለቅማሉ። ኤክሃርት እዚያ ሽንት ቤት በር ሥር ዐሥራ አንድ ዓመት ተቀምጧል። በየካቲት ከሰባቱ አንዱ ሞተና ወንበሩ ባዶ ሆነ። ኤክሃርት ቀብሩ ላይ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ ለሟቹ ይሁን ለወንበሩ ገርሊንደ እስከ ዛሬ አልለየችውም።

የማኅበሩ ራስ ዶክተር ኦቶካር ብሮመልካምፕ ይባላል። ሁሉም አንቱ ይሉታል። ገርሊንደ ግን በልቧ አንቱ ብላው አታውቅም፤ እኛም አንልም። ዕድሜ ልኩን የሰው ጥርስ ሲነቅል ኖሮ አሁን ሥራው ፍርድ ሆኗል። አንድ ሰው ዘለበት ሲያመጣ ጥቁር የከፋይ ከረጢት ውስጥ ይከቱለታል። ዶክተሩ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ይሰድና በአውራ ጣቱ ዘውዱን፣ ፊደሉን፣ ጠርዙን ይዳስሳል። ጠረጴዛው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ «ኦሪጂናል» ወይም «ፎርጅድ» ይላል፤ አለቀ፣ ይግባኝ የለም።

«ዓይን ይታለላል» ይላል ሁልጊዜ፣ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ። «ይሄ ግን አንድም ቀን አልተታለለም!»

አውራ ጣቱን ማታ ማታ ቅባት ይቀባዋል አሉ። በዚያ እጁ ድንች እንኳ አይልጥም።

ወደ ክቡ ጠረጴዛ ለመውጣት ታዲያ የተገዛ ዘለበት መደርደር አይበቃም። ቢያንስ አንድ «ከቤት የወጣ» ያስፈልጋል፤ የታጠቀው ሰው በስም የታወቀ፣ የሥጋ ዘመዱ በፊርማው የመሰከረለት። ምስክርነቱ የሚሰማው በዘመዱ ቤት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በቡናና በኬክ ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ አብሮ መጥቶ ሁሉን ነገር በቃለ ጉባኤ ያሰፍራል፤ ኬኩን ጭምር።

ኤክሃርት ከቤት የወጣ ዘለበት አልነበረውም። አባቱ የባቡር ትኬት ቆራጭ ነበሩ፤ የታጠቁት ቀበቶ የትኬት መቁረጫ ነው የተንጠለጠለበት። ስለዚህ የሚስቱን አባት ተዋሰ። አውጉስት ድሬቨርማን ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመቱ ስለሆነ እምቢ ሊል አይችልም። ኤክሃርት ከአንድ ነጋዴ ማንም ሳያውቅ የገዛውን፣ ዶክተሩም በከረጢት ዳስሶ «ኦሪጂናል» ያለውን የፕሩሲያ ዘለበት አነሣና ለማኅበሩ «ይሄ የአማቴ ነው» አለ። ውሸት ብቻዋን መንገድ ስለማትወድ ደግሞ ገጽ ተኩል ታሪክ በታይፕ ጻፈላት። በዚያ ገጽ ተኩል ውስጥ ሃምሳ አለቃ አውጉስት ድሬቨርማን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቨርደን ላይ በጨበጣ ይዋጋል፤ የቆሰለ አዛዡን ተሸክሞ ሦስት ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ የብረት መስቀል ኒሻን ይሸለማል፤ በሞት አልጋው ላይም ዘለበቱን ለልጁ ባል «አንተ ታውቅበታለህ» ብሎ ያወርሳል። ከታች ለፊርማ የሚሆን መስመር ተሠምሯል። ከመስመሩ ሥር የገርሊንደ ስም አለ።

ገርሊንደ ድንች እየላጠች አነበበችው።

«ይሄ ማነው?»

«የቱ?»

«ይሄ አዛዥ ተሸካሚው።»

«አባትሽ ነዋ!»

«አባቴ ወገቡን ያመው ነበር። አንተ በሠርጋችን ማግስት ሰክረህ የወደቅክ ጊዜ እንኳ በከሰል ጋሪ ነው ገፍቶ ያመጣህ።»

«ገርሊንደ፣ ቀልዱን ተዪው።»

«ሃምሳ አለቃ መቼ አደረግከው?»

«ቢሆን ምን ይጎዳዋል? ማዕረግ ሰጠሁት እንጂ አልገፈፍኩት!»

«አንተ ራስህ ምንም የለህ፣ ለሰው ማዕረግ ትሰጣለህ።»

«እባክሽ» አለ ኤክሃርት። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ዐሥራ አንድ ዓመት! ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሽንቱን ሊሸና ሲገባና ሲወጣ ትከሻዬን እየገፋኝ ነው ቢራዬን የምጠጣው። አንድ ፊርማ ነው የምለምንሽ። የሞተ ሰው ምን ይቀርበታል?»

ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው ኖራለች። ለምትንቀው ሰው ማዘን ደግሞ ከመናቅ ይከፋል፤ እጅ ያዝላል። ወረቀቱን ከድንቹ ልጣጭ አራቀችና «እሁድ ይምጡ፣ ያን ጊዜ እናያለን» አለችው። ኤክሃርት እሺ ያለች መሰለውና ግንባሯን ሳማት።

የሞተ ሰው ምን እንደሚቀርበት ገርሊንደ ታውቃለች። አባቷ ተራ ወታደር ነበር። አዛዦቹ ከሰል ቆፋሪ መሆኑን ሲሰሙ አካፋ ሰጡትና መቃብር አስቆፈሩት፤ ሁለት ዓመት። ናስና ቆዳ አገሩ ላይ ጠፍቶ ስለነበር ከመቅበሩ በፊት የሟቾቹን ቀበቶ መፍታትም የእሱ ሥራ ነበር። ስለዚህ ነገር ለልጁ ያወራት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ስናገላብጣቸው መጀመሪያ የሚታየው ዘለበቱ ነው» ብሏታል። «ከእኛ ጋር ነው ይላል። አንዳንዱ ላይ ከጽሑፉ ሥር ሆድ የለም።» አንድ ቀን «እጄ እምቢ አለኝ» ብሎ አካፋውን ጥሎ ተቀመጠ። ዐሥራ አራት ቀን አሰሩት። ኒሻኑ ይኼ ነው።

ከጦርነቱ ሲመለስ ርሀብ ነበርና እንደ ሠፈሩ ሰው ሁሉ፣ ገርሊንደ ዛሬም በምትኖርበት በዚሁ ቤት ጓሮ ውስጥ፣ የጥንቸል ቤት ሠራ። መዝጊያ የሚሆን ብረት አጣ። የራሱን ቀበቶ በቢላ ቆረጠና ቁራጩን ከነዘለበቱ በሩ ላይ ቸነከረው፤ ማዶ ካለው የሽቦ ቀለበት ጋር ሲያጠልፉት ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ጎረቤቱ አይቶ «አውጉስት፣ ምነው በእግዚአብሔር ስም?» ቢለው፣ «ከእኛ ጋር ነኝ ብሎ አልነበረም፤ እስቲ ከጥንቸሎቹ ጋር ይሁን» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነትም አንድ ጥንቸል አምልጦ አያውቅም። እንጨቱ በስብሶ ሁለቴ ተቀየረ፣ ቆዳውም ተቀየረ፤ ዘለበቱ ግን ያው ነው። በየጥቂት ዓመቱ ቤቱ አረንጓዴ ቀለም ሲቀባ እሱም አብሮ ይቀባል። ቀለም በቀለም ላይ ተደርቦ ዘውዱም ጽሑፉም ከዓይን ተሰወሩ፤ የቀረው እብጥ እብጥ ያለ አረንጓዴ ነገር ነው።

ገርሊንደ በቀን ሁለቴ ትከፍተዋለች፣ ሁለቴ ትዘጋዋለች። ኤክሃርት ጥንቸሎቹን የሚያገኛቸው በገና ቀን ሳህን ላይ ነው። ዘለበት መሰብሰብ የጀመረ ሰሞን አንድ ቀን ብቻ፣ መስታወት እየወለወለ፣ «ለመሆኑ አባትሽ ከጦርነቱ የተወው ነገር አለ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። «ጥንቸል ትቶልኛል» አለችው፤ ቀጥሎ ቢጠይቃት እጁን ይዛ ልትወስደው። ኤክሃርት ሳቀ። ረጅም ሳቅ ነበር፤ ዓይኑን በጓንቱ ጠረገ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ በእጁ ይዞት ቢሆን እንኳ ጥሩ ነበር።

ቅዳሜ የፕለም ኬኩን ስትጋግር ከራሷ ጋር ተወራረደች። ዶክተሩን ጥንቸል ቤቱ ዘንድ ትወስደዋለች። ያ አውራ ጣት የአባቷን ዘለበት ካወቀው፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ያውቃሉ ማለት ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በከንቱ ንቃቸዋለች ማለት ነው። ያኔ ትፈርማለች፤ ሃምሳ አለቃውንም፣ ጨበጣውንም፣ ሁሉንም። ካላወቀው ደግሞ የአባቷን ስም ከአፋቸው ታወጣለች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ሲሆን መጡ። ዶክተሩ በአንገቱ የሐር መሐረብ አስሯል። ጸሐፊው ላመርት ደብተሩን ደረቱ ላይ ታቅፎ ከኋላ ከኋላ ይከተላል፤ ቀጭን፣ ዓይነ ስውር ሊሆን ትንሽ የቀረው፣ ያየውን ሳይሆን የሰማውን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ነው።

ዶክተሩ ሳሎኑን ዞሮ አየና «የከሰል ሠራተኛ ቤት እንዲህ ጽድት ብሎ ሲያዩት ደስ ይላል» አለ።

«አባቴ ይታጠብ ነበር» አለች ገርሊንደ።

ኤክሃርት ሳቀ፤ ማንም አብሮት አልሳቀም። ቡና ተቀዳ፣ ኬክ ተቆረጠ። የተገዛው ዘለበት በጠረጴዛው መሀል ሰማያዊ ከፋይ ላይ ጉብ ብሏል፤ ከጎኑ ወረቀቱና እስክሪብቶው።

«ፍራው ኩልማን» አለ ዶክተሩ ኬኩን እያላመጠ፣ «አባትዎ ስለ ጦርነቱ ያወሩ ነበር?»

«ስለ ጥንቸል ነበር የሚያወራው።»

«አዩ! እውነተኛ ጀግና ዝምተኛ ነው።»

ላመርት ጻፈው።

«አዛዡን የተሸከሙት በየትኛው ትከሻቸው እንደሆነ ነግረውዎታል?»

«በቀኝ» አለ ኤክሃርት ተሽቀዳድሞ።

«ሄር ኩልማን፣ እኔ የምጠይቀው የሥጋ ዘመዱን ነው።»

ኤክሃርት አንገቱን ደፋ። እንደ ተቆጡት ተማሪ እጁን ጭኑ መሀል ወሸቀ። ገርሊንደ አየችውና አንጀቷን በላት፤ በዚያው ቅጽበትም ምነው ባይበላኝ ብላ ተናደደች። እስክሪብቶውን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ዶክተር፣ ከመፈረሜ በፊት ጥንቸሎቼን ይዩልኝ። አባቴ ካረባቸው የወረዱ ናቸው።»

«ጥንቸል?» ዶክተሩ ከንፈሩን ጠረገ። «እንዴታ! ለገና አንድ ወፍራም ይሸጡልኝ ይሆናል።»

ወደ ጓሮ ወጡ። ጥንቸል ቤቱ ከግንቡ ሥር፣ ከጎመኑ መደብ አጠገብ ነው። ውስጡ አምስት ናቸው፤ አውራውን ካይዘር፣ ንጉሠ ነገሥት፣ ይሉታል። በአባቷ ደንብ አውራ ጥንቸል ሁሉ ስሙ ካይዘር ነው፤ ገና ሲደርስ ይታረዳል፣ ቀጣዩ ይነግሣል።

«እስቲ እርስዎ ይክፈቱት» አለች ገርሊንደ። «እጄን ኬክ ነክቶታል።»

ዶክተሩ እጁን ሰደደ። አውራ ጣቱ፣ ያ በቅባት የኖረው፣ አረንጓዴው ነገር ላይ አረፈ። ገርሊንደ ትንፋሿን ያዘች። ጣቱ በመሀሉ ላይ ሄደ፣ ዘውዱ ያለበት ቦታ ደረሰ፣ ቆመ። ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ በፊደሎቹ ላይ ዙሩን ጀመረ። ገርሊንደ ያን ጊዜ ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት፤ እንዲያውቀው ፈለገች። ከልቧ ፈለገች። አንድ ሰው፣ ይህ የማይረባ ሰውዬ እንኳ ቢሆን፣ የአባቷን እጅ ሥራ ነክቶ ዝም እንዲል፣ ባርኔጣውን እንዲያወልቅ።

«ቀለሙ አረፋ ሠርቷል» አለ ዶክተሩ። «አዲስ ከመቀባታችሁ በፊት አሮጌውን መፋቅ ነበረባችሁ። ምንድነው ይሄ? ቆሻሻ ነገር! ሁለት ማርክ የማትሞላ መቀርቀሪያ ጠፍቶ ነው?» የኪስ መሐረቡን አውጥቶ አውራ ጣቱን በጥንቃቄ ጠረገ።

«ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ!» አለ ኤክሃርት፣ አንድም ቀን ነግሯት ሳያውቅ። «አሁኑኑ ዶክተር! አሁኑኑ እነቅለዋለሁ!»

ወደ መሣሪያ ጎጆው ሮጦ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ ተመለሰ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያን በር ሲነካ የመጀመሪያው ነበር። ካቻቢቴውን ከቆዳው ሥር ሰክቶ ፈነቀለው፤ ሚስማሮቹ ተንጣጡ፣ ቀለሙ ተሰነጠቀ። ዘለበቱን ሳያየው በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ወረወረው፤ የድንች ልጣጭና የበሰበሰ ቅጠል ክምር ላይ ወደቀ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ወደ ዶክተሩ ዞረ።

በሩ ግን የሚይዘው አጥቶ ወለል ብሎ ተከፈተ። ካይዘር ቀደመ፣ አንዲት እርጉዝ ያለችባቸው ሦስቱ ተከተሉት። አንዷ ብቻ ፈርታ ቀረች።

«ያዛቸው!» አለ ዶክተሩ።

«በዚያ በኩል ላመርት፣ በዚያ በኩል!» አለ ኤክሃርት።

«የት? የትኛው በኩል?»

ጨበጣ ውጊያ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ዶክተሩ በእሁድ ጫማው ጎመኑ ውስጥ ገባና ተንሸራቶ በጉልበቱ ተንበረከከ። ላመርት ደብተሩን እንደ ጋሻ ዘርግቶ ባዶ ቦታ ከበበ። ኤክሃርት ሳማ ውስጥ ዘሎ እጁን እያራገበ ወጣ። ዕድሜ ልካቸውን ስለ ማጥቃትና ስለ መክበብ ያወሩ ሦስት ሰዎች አንዲት እርጉዝ ጥንቸል መያዝ አቃታቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ገርሊንደ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ጎንበስ አለችና ዘለበቱን ከልጣጩ ውስጥ አነሣች፣ በሽርጧ ጠቀለለችው፣ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ፍንቀላው ቀለሙን ሰብሮት ስለነበር ብዙ አላስቸገራትም። በድንች ቢላዋ ጠርዙን ስትነካው እንደ ቂጣ ፍርፋሪ ተነሣ፤ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ሌላ አረንጓዴ፣ ከሥሩ አባቷ በመጨረሻ የቀባው ጠቆር ያለ አረንጓዴ። እዚያ ላይ እጇ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ናሱ ወጣ። ዘውዱን ብቻ ገልጣ ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን ታጥባ ሳሎን ገባች፣ ገጽ ተኩሉን ገለበጠችና በጀርባው ጻፈችበት።

ሦስቱ እያለከለኩ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ገርሊንደ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ቡናዋን ትጠጣ ነበር። ከፋዩ ላይ ሁለት ዘለበት አለ፤ አንዱ የሚያብለጨልጭ፣ አንዱ ግማሽ አረንጓዴ።

«ፈርሜያለሁ» አለች።

የኤክሃርት ፊት በራ። ላመርት በልማዱ ወረቀቱን አንሥቶ አፍንጫው ጋ አስጠግቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤

«አባቴ አውጉስት ድሬቨርማን ተራ ወታደርና መቃብር ቆፋሪ ነበር። አዛዥ አልተሸከመም፤ የተሸከመው ሬሳ ነው። ኒሻኑ ዐሥራ አራት ቀን እስራት ነው። የታጠቀው ዘለበት ሰባ ሁለት ዓመት የጥንቸል ቤት ሲዘጋ ኖሯል። ዛሬ ዶክተር ብሮመልካምፕ በአውራ ጣታቸው ዳስሰው ‹ቀለሙ አረፋ ሠርቷል› አሉ፤ ባለቤቴም ነቅሎ ቆሻሻ ላይ ጣለው። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ገርሊንደ ኩልማን፣ የድሬቨርማን ልጅ።»

ላመርት መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ዶክተሩ ግማሽ አረንጓዴውን አነሣ፣ አጉሊ መነጽሩን አወጣ፣ ገለበጠው፣ አገላበጠው። ጀርባው ላይ የሠሪው ማኅተም ነበር። ጆሮው ቀላ፤ ቅላቱ ወደ አንገቱ ወረደ።

«ቀለም... ቀለም ሲኖር ሌላ ነገር ነው» አለ በመጨረሻ። «ብርሃኑም ጥሩ አልነበረም።»

«ዓይን ነው የሚታለለው ይሉ አልነበር?» አለች ገርሊንደ።

ዶክተሩ መነጽሩን ኪሱ ከተተ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ በጎመን ጭቃ ጠቁሯል። ሰላም ሳይል ወደ በሩ ሄደ፤ ኬኩን እንኳ አልጨረሰም። ላመርት ከኋላው እየተከተለ «ሄር ዶክተር፣ ይሄ በቃለ ጉባኤ ይግባ ወይስ አይግባ?» ሲለው እስከ መንገዱ ድረስ ይሰማ ነበር።

ኤክሃርት ቆሞ ቀረ። ስለ ወንበሩ ያለቅሳል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን እጁን ኪሱ ከተተና ነጭ ጓንቱን አወጣ። ያጠልቀው ጀመር።

«ገርሊንደ» አለ በሹክሹክታ፣ ዓይኑን ዘለበቱ ላይ ተክሎ፣ «ከቤት የወጣ እኮ ነው! እውነተኛ! ቀለሙን በዘይት አስለቅቄ ከላይኛው መደርደሪያ... መሀል ላይ... ማኅተሙን አየሽው? ስጪኝማ።»

ሰው እንዲህ ነው። ቤቱ ቢቃጠል በፍሙ ቡና ላፍላ የሚል አለ።

ገርሊንደ ዘለበቱን ከፊቱ አነሣችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ድምፁ ተሰበረ። «ሃያ ዓመት! ጓሮዬ ውስጥ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ነበር» አለችው። «ጥንቸል ትቶልኛል አልኩህ። ሳቅህ።»

ኤክሃርት ማስታወሱ ከፊቱ ታወቀ።

መዶሻና አራት ሚስማር ከመሳቢያው አውጥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ቆዳውን በድሮው ቦታ፣ በድሮው ቀዳዳ ላይ መልሳ ቸነከረችው። ስትጨርስ ኤክሃርት ከኋላዋ ቆሟል።

«ያመለጡት አራት ናቸው» አለችው ሳትዞር። «ጓንትህን አውልቅና ልቀማቸው።»

አወለቀ። የመጀመሪያዋን ከጎመኑ ሥር አገኛት፤ ሁለተኛውን ከግንቡ ሥር በሆዱ ተስቦ ጎተተው። በእያንዳንዱ ዘለበቱን መክፈትና መዝጋት ነበረበት፤ አንድ እጁ ጥንቸል ስለያዘ በሌላው አውራ ጣት ብቻ። ገርሊንደ እጇን አጣጥፋ ታየው ነበር፤ አላገዘችውም። ካይዘር የመጨረሻው ነበር። ኤክሃርት ወደ ውስጥ ገፋው፣ በሩን መለሰው፣ ዘለበቱን ወደ ቀለበቱ አመጣውና እዚያው ቆመ። በሳማ ያበጠ አውራ ጣቱ ከዘውዱ በታች፣ ቀለሙ ገና ያልተነሣበት ቦታ ላይ ነበር። ጽሑፉን እየዳሰሰ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አማቱ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ስላየው ነገር ኤክሃርት ምንም አያውቅም፤ ሰውየው በሕይወት ሳለ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ አብረው በልተው አንዴም አልጠየቀውም።

«ዝጋው» አለችው ገርሊንደ።

ቀጭ አለ።